የወፍ በሽታ ነው ያልኩት ቀን

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። እጄን ያወጣሁት ምስክርነት ስላለኝ ነው። ባለፈው ዓመት እዚሁ ቆሜ ጌታ ከቆሽት ካንሰር እንዳዳነኝ ስነግራችሁ እልል ብላችሁልኛል። ስሙ ይባረክ፣ የነገርኳችሁ እውነት ነበር። ግን ግማሹን ነው የነገርኳችሁ። ዛሬ የቀረውን ልናገር፤ እልልታውን ግን አቆዩልኝ።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ትራንዚተር ነኝ፤ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ አወጣለሁ። ከመታመሜ በፊት ጌታን አላውቅም ነበር። የማን ፋይል ማን ጠረጴዛ ላይ እንደተኛ፣ ለማን ቢደወል እንደሚነሳ ግን አውቃለሁ። በዚህም እኮራ ነበር።

መጋዘኔን የሚጠብቅልኝ ኦቦ ገመቹ የሚባል ዘበኛ ነበር። የዚህ ጉባኤ ሰው ስለነበር አትረሱትም። ጠዋት መኪናዬን ሳስገባ በሩን እየከፈተ «ጌታ ይባርክዎ» ይለኛል። በዕድሜ አባቴ ይሆናል፤ እሱ እርስዎ ይለኛል፣ እኔ አንተ እለዋለሁ። ነውሩ እንኳ አልታየኝም።

አንድ ቀን ቢሮዬ ገባ። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ገላውን ያሳክከዋል፣ ሽንቱ እንደ ሻይ ጠቁሯል፣ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ብሎ በሲባጎ አስሮታል። ጤና ጣቢያ ሄዶ ወደ ትልቅ ሆስፒታል እንደላኩት፣ እዚያ ደግሞ ለሲቲ ስካን የሦስት ወር ቀጠሮ እንደሰጡት ነገረኝ። ከዚያ ቆብ በእጁ ይዞ፣ «አዲስ አበባ ሐኪም ያውቃሉ ይላሉ። አንዴ ይደውሉልኝ» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ አውቅ ነበር። የሆድ ቀዶ ሐኪም ነው፤ መኪናውን ከጉምሩክ ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ግን ለዘበኛ ብዬ ውለታዬን አላባክንም አልኩ በልቤ። አፌ ደግሞ፣ «ይሄማ የወፍ በሽታ ነው፣ ገመቹ። ሐኪም አያውቀውም፣ ቅጠል ነው የሚያሽረው» አለ። ወገኖቼ፣ ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ በገዛ መኪናዬ ወንጂ ማዶ ያለ መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ወሰድኩት። መንገዱን ሙሉ «ገለቶማ» እያለ አመሰገነኝ። ቅጠሉን ሁለት ወር ጠጣ። በመጨረሻ ሆዱ ሲያብጥ ቤተሰቦቹ ሆስፒታል አስገቡት፤ የቆሽት ካንሰር ነው፣ ረፍዷል አሏቸው። የሲቲ ስካን ቀጠሮው ሳይደርስ ቀበርነው።

ዓመት ሳይሞላ እኔን ያሳክከኝ ጀመር። መስታወት ውስጥ ዓይኔን ሳይ የሱ ዓይን ነው የታየኝ። ለራሴ ጊዜ ቅጠል ትዝ አላለኝም። ያኔውኑ ለዚያ ሐኪም ደወልኩ፣ በማግስቱ ሲቲ ስካን ተነሳሁ፣ በሳምንቱ ቀዶ ሕክምና ገባሁ።

ሐኪሙ ስነቃ አልጋዬ አጠገብ መጥቶ፣ ይህ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከተዛመተ በኋላ እንደሆነ፣ የኔ ግን ገና ትንሽ ሳለ እንደተገኘ ነገረኝ። እንዴት ቶሎ ጠረጠርክ ሲለኝ፣ አንድ ሰው ላይ አይቼው ነበር አልኩት።

«እሱስ የት ታከመ?» አለኝ።

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ጌታ ያገኘኝ እዚያ አልጋ ላይ ነው። ሌላው ሰው ሲድን ደስ ብሎት ያምናል፣ እኔ ጌታን ያመንኩት አፍሬ ነው። የዚህን ሰው ደም ከእጄ አትፈልግ ብዬ አለቀስኩ። አልጣለኝም፣ ስሙ ይክበር።

ይህን ለብቻቸው የነገርኳቸው አንዳንድ ወንድሞች፣ ኦቦ ገመቹ የሞተው አንተ እንድትድን ነው አሉኝ። እባካችሁ እንዲህ አትበሉኝ። ኢየሱስ ስለ እኔ የሞተው ወዶ ነው። ኦቦ ገመቹ ግን መኖር ይፈልግ ነበር፤ እንድደውልለትም ለምኖኛል።

ባለፈው ዓመት የመሰከርኩ ዕለት ባለቤቱ አዴ ጫልቱ ደጅ ላይ ጠብቀው እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ ገመቹም እንዳንተ ቢታይ ይድን ነበር?» አሉኝ። እኔ «የጌታ ፈቃድ ነው፣ እናቴ» ብዬ አለፍኩ። የራሴን ጥፋት ጌታ ላይ ለጠፍኩ። ከዚያ ወዲህ ጸሎት ስጀምር የሚቀድመኝ የሳቸው ድምፅ ነው።

ዛሬ በሕይወት አለሁ፣ እህል ይወርድልኛል፣ ልጆቼን አቅፋለሁ። ሃሌሉያ። እናንተም በጌታ ታመኑ፣ እሱ አያሳፍርም። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ካያችሁ ግን ቅጠል አትንገሩት፣ ወደ እኔ አምጡት። ኮንቴይነር የሚያራግፍም ይሁን ሊስትሮ፣ እደውልለታለሁ። ጸሎቱን መኪና ውስጥ እንጸልያለን።

አዴ ጫልቱ፣ ዛሬም እዚህ ተቀምጠዋል። ጥያቄዎን ለሐኪሙ አቀረብኩለት። ይድን ነበር ብዬ መማል አልችልም፣ በጊዜ ቢመጣ ኖሮ ግን እንዳንተው ዕድል ነበረው አለኝ። በጊዜ እንዲደርስ የጎደለው አንድ ስልክ ነበር። ያልደወልኩት እኔ ነኝ። ማይኩን ላስቀምጥና ወዳሉበት ልውረድ። ይቅር ካላሉኝም አልቀየምም።