ጋሼ ለሁለቱም ወገን

ቅዳሜ የትምህርት ቤቶች የበረዶ ሆኪ ጨዋታ ልናይ የታላቅ ወንድሜ ልጅ በሩ አጠገብ፣ እኔ ሜዳውን የሚከልለው መስታወት ጋ ቆመን ነበር። በመካከላችን የጋሼ ቦታ ነው፤ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ካረፉ ወዲህ ማንም አልቆመበትም።

ጋሼ አዲስ አበባ ሳሉ የእግር ኳስ ዳኛ ነበሩ። እዚህ ባህር ማዶም ከከተማው ዳር ከታርኔት ሰፈር ድረስ እየመጡ የልጅ ልጃቸው ስትጫወት ያዩ ነበር። ዳኛው ተጋጣሚን የቀጣበትን ጥፋት ለእሷ ካለፈላት መስታወቱን ይደበድባሉ።

«ዳኛ! የኛዋም አጥፍታለች!»

«አባባ፣ የማን ደጋፊ ነህ?» ትላቸዋለች አኩርፋ።

«ያንቺ። ፊሽካው ግን የሁላችሁም ነው።»

ቅዳሜ ቡድኖቹ አንድ ለአንድ ነበሩ፤ ያሸነፈ ለፍጻሜ ያልፋል። ዳኛው ተጋጣሚዋን በሆኪ ዱላ ጠልፈሻል ብሎ ለሁለት ደቂቃ ወደ ቅጣት ወንበር አስወጣት። ወዲያው የኛዋም ጠለፈች፤ እሷን ግን ዳኛው አለፋት። የኛዋ ወደ ጋሼ ባዶ ቦታ ተመለከተች። ከዚያ ለዳኛው እጇን አወጣችና ወደ ቅጣት ወንበሩ ሄደች።