ጫልቱን የማይነዝራት ጋሪ

ይህ የደረሰው መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ አቃቂ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እሠራ በነበረበት ጊዜ ነው። ከባድ ጉዳት የደረሰበት ሰው የለም። እኔ ግን ሦስት ቀን ዝም በማለቴ አልረሳውም።

በጋ ነበር፣ አየሩም ደረቅ። ሠራተኛ ይቀነሳል የሚል ወሬ ይናፈስ ነበር። በዚያው ወር ፋብሪካው የናይለን ጨርቅ ጀመረ፣ ጫልቱ የምትባል የአቃቂ ልጅም ተቀጠረች። ጨርቁ የሚጠቀለልባቸውን የካርቶን ቱቦዎች መጋዘን በብረት ጋሪ አስጭና እኔ ወደምሠራበት ማሽን ታመጣለች። እኔ አራግፍላታለሁ። ባዶውን ጋሪ በገመድ እየጎተተች ወደ መጋዘን ትመልሳለች።

መጋዘን ያሉት ሴቶች ጋሪውን ሲነኩ ይነዝራቸው ጀመር። አንዷ ደንግጣ የያዘችውን እቃ እግሯ ላይ ጣለች። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው መጥቶ መረመረ፣ የተላቀቀ ሽቦ አላገኘም። ጫልቱን ግን አንድም ቀን አልነዘራትም።

«ላንቺ ብቻ ነው እንዴ ጨዋ የሚሆነው?» አለቻት አንዷ።

መጀመሪያ ቀልድ ነበር። ኋላ ጠበል ሂጂ አሏት። ምሳችንን አንድ ላይ ነበር የምንበላው፤ እሷ ስትመጣ መጠጋጋት ቀረ። ሳህኗን ይዛ በር ላይ ትቀመጥ ጀመር። ፎርማናችን ጋሽ ተካም ለቅነሳው ስም ሲጠየቅ የእሷን እንደሚሰጥ ተሰማ።

ሰኞ ዕለት የመጨረሻውን ቱቦ አውጥቼ ወገቤን ላቃና ስል እጆቼን አየሁ። ግራው ጋሪው ላይ፣ ቀኙ የማሽኑ ምሰሶ ላይ ነበር። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምነሳው። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ የፊዚክስ መምህራችን የታሸ ፕላስቲክ ወደ ብረት ኳስ አስጠግተው፣ ኳሱን በጣታቸው ነክተው ጣታቸውን ካነሱ በኋላ ፕላስቲኩን ሲያርቁት ኳሱ ኤሌክትሪክ ይዞ ቀርቶ ነበር።

እዚህም ነገሩ ያው ነው። ማሽኑ ላይ የሚሮጠው ናይለን ሲታሽ ኤሌክትሪክ ይቋጥራል። ጋሪው አጠገቡ ቆሞ እኔ ከመሬት ከተያያዘው ምሰሶ ጋር በእጄ ሳገናኘው፣ በእኔ በኩል ኤሌክትሪክ ይገባበታል። ሁለቱንም አጥብቄ ስለምይዝ እኔ አይሰማኝም። እጄን ሳነሳ የገባው መውጫ ያጣል፣ ጎማዎቹም አያስወጡትም። ጫልቱ የምትይዘው ገመዱን ብቻ ስለሆነ አይነካትም።

ጋሪውን ኤሌክትሪክ የምሞላው እኔ ነበርኩ። ይህን ብናገር ለቅነሳው የሚጻፈው የእኔ ስም ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ማክሰኞና ረቡዕ ምሰሶውን እንደ ልማዴ ያዝኩ። ብተወውና መንዘሩ ቢቀር ይነቁብኛል ብዬ ነው። ጫልቱም በር ላይ በላች።

ሐሙስ ጠዋት ግን ለጋሽ ተካ ነገርኩት። አላመነም። ምሰሶውን ሳልነካ ጋሪውን አራግፌ ላክሁት፤ መጋዘን ማንንም አልነዘረም። ምሰሶውን ይዤ ላክሁት፤ ራሱ ሄዶ ነካና እጁን እያራገፈ ተመለሰ።

«እትዬ አስካለ፣ ለካ ነዛሪዋ እርስዎ ነዎት» ብሎ ሳቀ።

ለቅነሳው ከእኛ የማንም ስም አልተጻፈም። በምሳ ሰዓት ሴቶቹ ጫልቱን ጠርተው መሃል አስቀመጧት። ስንነሳ እኔ ጋ መጣች።

«እትዬ፣ እርስዎ ባይደርሱልኝ ወጥቼ ነበር» አለችኝ።

ምንም አይደለም አልኳት። ከሰኞ ጀምሮ ማወቄን አልነገርኳትም። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አብረን ሠርተናል። ብትጠይቀኝ እነግራት ነበር፤ ግን ማንም እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም።