አላባርርም ያሉት እማማ ጥሩነሽ

ሱዳን ድንበር አጠገብ ባለችው ሽንፋ አስተማሪ ሆኜ ሳለሁ እሑድ እሑድ ከሰዓት በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ለአረጋውያን ቲያትር አስተምር ነበር። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ተቀምጠው ይተውናሉ፤ ማንበብ የማይችሉት ቃላቸውን እየሰሙ ያጠናሉ።

የጻፍኩላቸው ቲያትር ሱዳን ሄዶ ስለጠፋና ከብዙ ዓመት በኋላ ስለሚመለስ ባል ነው። ባልየውን የሚጫወቱት የቀድሞው የትራክተር ሾፌር አባባ ካሳ፣ ሚስትየዋን ደግሞ እማማ ጥሩነሽ ናቸው። እማማ ብቻቸውን ስለሚኖሩ ባላቸው የሞተባቸው ይመስለኝ ነበር።

ባልየው በሩን ሲያንኳኳ ሚስትየዋ «አላውቅህም፣ ሂድ!» ብላ ማባረር አለባት። እማማ ግን በለሰለሰ ድምፅ «ግባ፣ በዚህ ሙቀት እንዴት መጣህ?» ይላሉ።

«እማማ፣ ይቆጡት እንጂ!» እላለሁ።

«እሺ ልጄ» ይሉኛል። እንደገና ስንጀምር ያው «ግባ» ነው።

አባባ ካሳ በሩ ላይ ተገትረው፣ «መምህር፣ ልግባ ወይስ ልሂድ?» ብለው ሁሉንም አሳቁ።

በመጨረሻ ተሸነፍኩና ድርሰቱን ቀየርኩት፤ ይግባ አልኩ።

ባቀረብንበት ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። አባባ ካሳ አንኳኩተው ገቡ። እማማ ግን በእሳቸው ትከሻ ላይ አሻግረው፣ በተከፈተው በር ወደ ውጭ መንገዱን ያያሉ። ቃላቸውን የረሱ መስሎኝ ከመጋረጃው ጀርባ «ግባ ይበሉት» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ይግቡ አያ ካሳ» አሉ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ። «ቁጭ ይበሉና አብረን እንጠብቀው። የእኔው ገና ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ አልተመለሰም።»