በስፌት መኪና ላይ ክርክር

አክስቴን ፋብሪካ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ኮሌታ» ነው የሚሏት። ሸሚዝ በሚሰፋበት መስመር ላይ አንዷ እጅጌ ትሰፋለች፣ አንዷ ኪስ ትለጥፋለች፣ አንዷ ቁልፍ ትተክላለች። ለአክስቴ የደረሳት ኮሌታ ነው። ከወጣትነቷ ጀምሮ ኮሌታ ስትሰፋ ኖራለች፤ ሸሚዙን ሙሉ ሆኖ የምታየው እንደ ማንኛችንም፣ ሰው መንገድ ላይ ለብሶት ሲያልፍ ነው። አብረን ስንሄድ አንዳንዴ ድንገት ቆም ትልና የማታውቀውን ሰውዬ ማጅራት ትክ ብላ ታያለች። «የእኔ እጅ ነው» ትላለች። ሰውዬው ዞር ሲል የማፍረው እኔ ነኝ።

ቤቷ ውስጥ የራሷ ስፌት መኪና አለቻት። መስኮቱ ስር፣ ራሷ በጠለፈችው ጨርቅ ተሸፍና ትቀመጣለች። አክስቴ እሑድ እሑድ ትገልጣታለች፣ ዘይት ጠብ ታደርግባታለች፣ ወልውላ መልሳ ትሸፍናታለች። ሱሪ ከማሳጠርና የተቀደደ ከመጥቀም በቀር ሠርታባት አታውቅም። ከፋብሪካ ስትመለስ ወገቧ እሺ አይላትም።

መኪናዋን ጠረጴዛ ያደረጓት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ባሏና አባቴ። ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ ኩላሊቱ ከከዳው ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል እየሄደ እጥበት ያደርጋል። አባቴ የአክስቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ የግል ኢንሹራንስ ኩባንያ ወኪል ሆኖ ውል ይሸጣል። ቅዳሜ ከሰዓት ይገናኙና የሻይ ብርጭቋቸውን መኪናዋ ላይ ያስቀምጣሉ። ከዚያ አገሩ ሁሉ የያዘውን ክርክር እነሱም ይይዛሉ፦ መንግሥት ለሕዝቡ በሙሉ አንድ የጤና ፈንድ ያቋቁም፣ ወይስ የግል ኢንሹራንሶቹ ይቀጥሉና ጠበቅ ያለ ሕግ ይውጣባቸው?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል ሾፌሩ። «ሁሉም እንደ ገቢው ለአንድ ቋት ያዋጣ፣ የታመመ ይታከም። የማን ሠራተኛ ነህ፣ ውልህ የታለ ብሎ ነገር የለም። አለቀ።»

«ቋቱ አንድ ሲሆንስ?» ይላል አባቴ። «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም! የነጠፈ ቀን ወዴት ልትሄድ ነው? ኩባንያዎቹ ይኑሩ፤ ብቻ ሕጉ ‹በሽተኛ ነው ብላችሁ አትመልሱ፣ ከጤነኛው አስበልጣችሁ አታስከፍሉ› ይበላቸው። አንዱ ቢያስቀይምህ ወደ ሌላው ትዞራለህ።»

«ጅብን ሥጋ ፊት አስቀምጠህ ሕግ ልታነብለት?»

«ጅቡ እኔ ነኝ?»

«አንተማ የጅቡ ወኪል ነህ።»

ይሳሳቃሉ። እንዲህ ስላቸው ሞኞች እንዳይመስሏችሁ። ሾፌሩ እጥበት ክፍል ውስጥ፣ ጎኑ ይተኛ የነበረ ሰው ውሉ ስላበቃ ሲቀር አይቷል፤ አልጋው ላይ በማግስቱ ሌላ ሰው ነበር። አባቴ ደግሞ እናቱን በመንግሥት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ አስታሟል፤ ተራዋ ሳይደርስ ነው የሞተችበት። ሁለቱም የሚናገሩት ከቁስላቸው ነው። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። እጥበቱ የሚከፈለው የአክስቴ ፋብሪካ በገባላት ኢንሹራንስ መሆኑን እያወቁ፣ አንድም ቀን «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብለዋት አያውቁም። እሷ ሻይ ትቀዳለች። ባሏ እንዲያውም ይቀልድባታል። «ይቺ እኮ ያገባችው ፋብሪካውን ነው፤ እኔ ውሽማዋ ነኝ» ይላል፤ እኛም እንስቃለን።

አንድ ቅዳሜ ክርክሩ ግሎ ሳለ በሩ ተንኳኳ። የመንገዱ ማዕዘን ላይ የሴት ቀሚስ የሚሰፉት አሮጊት ነበሩ፤ ብብታቸው ስር ጥቅልል ጨርቅ ይዘዋል። ዓይናቸው ስለደከመ ሱቃቸውን ሊለቁ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ልጄ፣ ምን ወሰንሽ?» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «ሱቁን ካንቺ ሌላ ሰው እንዲይዘው አልፈልግም፤ ደንበኛውም የለመደ ደንበኛ ነው። ግን አከራዩ መልስ አምጪ እያለ ፋታ ነሳኝ።»

ሾፌሩ ወደ ሚስቱ ዞረ። «የምን ሱቅ?»

«ምንም። አልችልም ልላቸው ነበር።»

«ለምን አትችይም? ስንጋባ የነገርሽኝ ይሄንኑ አልነበር? ‹ከጨርቁ እስከ ጠርዙ የራሴን ቀሚስ› ስትይ አልነበር?»

አክስቴ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠችና ወደ አባቴ ዞረች። «አንተ፣ እስቲ ንገረኝ። ፋብሪካውን ስለቅ ኢንሹራንሱም አብሮ ይቀራል። ያንተ ኩባንያ ባሌን ይቀበለዋል?»

አባቴ ውል ሲሸጥ ምላሱ አይደናቀፍም። አሁን ግን ብርጭቆውን ወዲያና ወዲህ አዟዟረ። «ዛሬ ባለው አሠራር... አይቀበሉትም፣ እታለም። ቀድሞ የጀመረው በሽታ ነው ይላሉ። እኔ የምለው ሕጉ ቢወጣ...»

«መቼ ይወጣል?»

መልሱን ሳትጠብቅ ዞረች።

«ያንተስ ቋት?» አለችው ባሏን።

«ይመጣል» አለ ሾፌሩ። ድምፁ ግን ቅድም የነበረው ድምፅ አልነበረም። «ዛሬ ነገ ባይሆንም ይመጣል።»

«እናንተ ስትከራከሩ እኔም እሰማለሁ፤ ግድግዳ አይደለሁም» አለች። ተቆጥታ አልነበረም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። የቱም ይምጣ፣ እልል ብዬ ነው የምቀበለው። እስኪመጣ ግን የሰኞው እጥበት በምንድን ነው? በኔ ኮሌታ ነው።»

ሾፌሩ አንገቱን ደፋ። «እጥበቱን ቀነስ ባደርገው እኮ...»

«ዋ! ይሄን ቃል ሁለተኛ እንዳትደግመው!» አለችው። «እኔ ያገባሁት ፋብሪካውን አይደለም። አንተን ነው።»

ማንም አልሳቀም። የዚያን ቀልድ ዕድሜ ሳስበው እኔም ከሳቂዎቹ አንዱ በመሆኔ አዘንኩ።

አሮጊቷ ቀስ ብለው ተነሡ። «እንግዲያው ሱቁ ለሌላ ይሁን፤ ምን ይደረጋል» አሉ፤ ጥቅልሉንም ለአክስቴ ዘረጉላት። ሰማያዊ ጨርቅ ነበር። «የመጨረሻ ሥራዬ ነው፤ ዓይኔ እምቢ አለኝ። ልኩን ውስጡ አድርጌዋለሁ። አደራ፣ በደንብ አድርገሽ ስፊልኝ።»

አባቴ ብርጭቆውን ከመኪናዋ ላይ አነሳ። ሾፌሩም የራሱን አነሳና፣ መርፌ ባሳበጠው ክንዱ ሽፋኑን ገፈፈላት። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም፤ እዚያች መኪና ላይ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ብርጭቆ ያስቀመጠ ሰው የለም።

በዚያው ቅዳሜ ማግስት፣ እሑድ ዕለት ስሄድ መኪናዋ ስትንኳኳ ከደረጃው ጀምሮ ይሰማል። ሾፌሩ አጠገቧ ተቀምጦ ክር ያቀብላታል፤ ወገቧን ሲያማት ትራስ ያስደግፋታል። ማምሻውን ቀሚሱ አለቀ። በሩ ላይ ሰቅላው ራቅ ብላ ቆመችና አየችው፤ ቀረብ ብላ ጠርዙን ዳሰሰችው፤ እንደገና ራቀች። አንገቱ ክብ ሆኖ ክፍት ነበር።

«ያምራል» አለ ሾፌሩ። «ኮሌታውስ?»

«ኮሌታ ነገ ፋብሪካ እሰፋለሁ» አለችው።