እናቴ የሙቱን ጎሳ ጠየቀች

እናቴ ዛሬ ልብ ወለዴን ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ገደለችው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ዳሞታ ተራራ ላይ፣ ጉም በዋጠው አሮጌ ቤት ውስጥ፣ አንዲት የሶዶ ልጅ የሞተ ሰው ታፈቅራለች። የሰውየው ማንነት የሚታወቀው በመጨረሻው ምዕራፍ ነው። ለካ የገዛ ጎሳዋ ልጅ ኖሯል፤ በእኛ አገር ደግሞ የአንድ ጎሳ ልጆች እንደ እህትና ወንድም ስለሚቆጠሩ መጋባት አይችሉም።

ጮክ ብዬ ሳነብላት፣ ሰውየው ገና የልጅቷን እጅ ሲይዝ አስቆመችኝ።

"ጎሳው ምንድነው?"

"እማዬ፣ ሰውየው እኮ ሙት ነው።"

"ቢሞትስ? ጎሳውን ሳትጠይቅ እጇን ትሰጠዋለች?"

መጽሐፉ በሙሉ የቆመው ልጅቷ ይህን ባለመጠየቋ ላይ ነው።

እናቴ ትንሽ አሰበችና "ሌላ ጎሳ ከሆነ ግን ሽማግሌ ይላክ" አለች።

ቤተሰቡ ፊት የጻፈውን ያነበበ ካለ፣ እባካችሁ ኮሜንት ላይ አጽናኑኝ።