ያልገባሁበት ሱባኤ

እኔን ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው የለም። ይህን የምለው ልታይ ብዬ አይደለም፤ የሚመሰክር ጎረቤት ሞልቷል። የቤቴ ግድግዳ ጭቃው እየረገፈ ሲያስቸግረኝ ከገበያ ባመጣሁት አሮጌ ጋዜጣ ለጠፍኩት። ሌላው ሲያነብ የሰማሁትን ቃል ከፊደሉ ጋር እያስተያየሁ፣ ከዚያ ግድግዳ ላይ ማንበብን ራሴን አስተማርኩ። የመሠረተ ትምህርት አስተማሪዎች ተራራችን ላይ በወጡ ጊዜ እኔ በጥቁር ሰሌዳቸው ላይ የተሳሳተ ፊደል አርሜላቸዋለሁ። አናጢነትም እንደዚያው ነው፤ ግንብም፤ ሬዲዮ ፈትቶ መግጠምም። አይቼ ያልሠራሁት ነገር ጥቂት ነው።

ከሁሉም የምኮራው ግን በቦዬ ነበር። ቤቴ ተራራው አናት ላይ ካለችው ከአሸተን ማርያም ቤተ ክርስቲያን በታች ቁልቁለቱ ላይ ነው። ከበላዬ ገደል፣ ከበታቼ የአንዲት ባሏ የሞተባት ጎረቤቴ ቤት አለ። በክረምት ከገደሉ የሚወርደው ጎርፍ ጓሮዬን እየገመሰ ይወስድብኝ ነበር። መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት፣ አገሩ ሁሉ በእርከን ሥራ ተጠምዶ ሳለ፣ እኔ ለብቻዬ ከቤቴ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፈርኩ። ልኩን ያወጣሁት በገመድና ውሃ በሞላ ሳሕን ነው። የልማት ሠራተኛው መጥቶ አይቶት፣ «አባቴ፣ ይህን ደግሞ የት ተማሩት?» አለኝ።

«ከውሃው» አልኩት።

ይህን መልሴን ዛሬም እወደዋለሁ። ቦዩ ውሃውን ከእኔ ጓሮ ካዞረ በኋላ የት እንደሚጥለው ግን እሱም አልጠየቀኝ፣ እኔም ወርጄ አላየሁም።

አሁን የምጽፈው ነገር የሆነው ሚስቴ ባረፈች በሁለተኛው ክረምት ነው። ልጆቼ ኮን ከተማ ሄደው እዚያው ቀርተዋል። የመጀመሪያውን ክረምት እንዴት እንዳሳለፍኩት አላስታውስም፤ ጭጋግ ብቻ ትዝ ይለኛል። ሁለተኛው ግን ጣፈጠኝ። ሚስቱን የቀበረ ሰው እንዲህ ማለት እንደማይገባው አውቃለሁ፤ ቢሆንም እውነቱ ይኸው ነው፤ ጣፈጠኝ።

ጠዋት ስነቃ ዝናቡ በሣር ክዳኑ ላይ ሲወርድ እሰማለሁ። የሣር ክዳን ዝናብን እንደ ቆርቆሮ አያስጮኸውም፤ ያንሾካሹከዋል። ተነስ የሚለኝ የለም። መደቡ ላይ አጎዛዬን አንጥፌ፣ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ፣ ምድጃው ውስጥ የተዳፈነውን ፍም በእንጨት እየቆሰቆስኩ እተኛለሁ። ገብስ ቆልቼ ከሱፍ ጋር እቆረጥማለሁ። ድንች በረመጥ እቀብራለሁ፤ ልጣጩ አሮ ሲሰነጠቅ ከሚወጣው ሽታ ማንኛውንም ድግስ አላስበልጥም። የሬዲዮ ድንጋዮቼ ሲደክሙ ከምድጃው አጠገብ አሙቄ መልሼ እከታቸዋለሁ፤ ሁለት ቀን ይጨምራሉ። ይህንንም ያስተማረኝ የለም። ሬዲዮው ሲሰለቸኝ ግድግዳዬን አነባለሁ። ስለጥፍ ገና ፊደል የማላውቅ ስለነበርኩ አንዳንዱ ገጽ ተዘቅዝቋል፤ ጋደም ብዬ አንገቴን አዙሬ ሳነበው ደግሞ ለብቻው ደስታ አለው።

ፍልሰታ ገባ። ጾሙን እጾማለሁ፣ እንደ ሰው ሁሉ። ሱባኤ የመግባት ሐሳብ ግን አልነበረኝም። በመጀመሪያው ቀን ብርዱ ስለበረታ በሬን ቀርቅሬ ተቀምጬ ሳለሁ የነፍስ አባቴ ወደ ተራራው ሲወጡ በመቋሚያቸው በሬን መታ መታ አደረጉ። በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ፤ ግን መምሬ ናቸው።

«ምነው በቀን ተዘጋ? ሱባኤ ገቡ እንዴ?»

አፌ ቆሎ ሞልቶት ነበር። «እእ» አልኩ። አይደለም ማለቴ ነበር ብዬ ልማል እችላለሁ፤ ግን አይደለም ለማለት ቆሎውን መዋጥ በቂ ነበር፣ ዋጥኩትም፣ ከዚያ በኋላም ዝም አልኩ።

«እሰይ! እሰይ! በቃ አይናገሩኝ፣ ሱባኤዎን አላፈርስብዎትም» ብለው ሄዱ። እስከ ማታ መንደሩ ሁሉ ሰማ።

ከዚያ ወዲያ በሬን የሚያንኳኳ ጠፋ። ለእድር የሚጠራኝ የለም፤ ደብዳቤ አንብብልኝ የሚል የለም። በደጄ የሚያልፈው ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ደፉ ላይ ንፍሮ በቅጠል ተሸፍኖ አገኛለሁ። አንድ ቀን ጠዋት በሬን ገርበብ ሳደርግ ደግሞ በአሮጌ ማዳበሪያ የተጠቀለለ ኩበት ተቀምጧል። ደረቅ ነበር። በዚያ ክረምት፣ በዚያ ጭጋግ፣ ደረቅ ኩበት ማለት ምን ማለት እንደሆነ የእኛ አገር ሰው ያውቃል። የማን እንደሆነ ከአጠፋጠፉ አወቅሁት። የታችኛዋ ጎረቤቴ ነበረች፤ በሱባኤዬ እንዳይበርደኝ ብላ ነው።

አነደድኩት። ያን ያህል ቤቴ ሞቆ አያውቅም።

በአራተኛው ቀን ከቀትር በኋላ በረዶ ወረደ። ጓሮው ነጭ ሆነ፤ በረዶውን ተከትሎ ዝናቡ ያለ ፋታ ዘነበ። እኔ ከምድጃው አጠገብ ነኝ። ድንቼ ረመጥ ውስጥ ነው። ሬዲዮው ስለ አንድ ሩቅ አገር ምርጫ ያወራል። በሩ ተንኳኳ፤ የታችኛዋ ጎረቤቴ ነበረች።

«አያ! አያ፣ ይፍቱኝ፣ ሱባኤዎን ላፈርስ አይደለም። ቦይዎ ሞልቶ ወደኔ ቤት እየመለሰ ነው። ጫፉን በዶማ ትንሽ ዘወር ቢያደርጉልኝ። እርስዎ እንኳ አይውጡ፣ እኔው ልክፈተው፤ ክፈቺ ይበሉኝ ብቻ።»

የሰው ቦይ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይነካም። በእኛ አገር በውሃ መንገድ ደም ፈሷል፣ ቤተሰብ ተቆራርጧል። እሷም ዶማዋን በትከሻዋ ይዛ፣ ቦዩን አልፋ፣ በጎርፍ ውስጥ እየወጣች በሬ ድረስ የመጣችው ለዚህ ነበር፤ ለአንዲት ቃል። «ክፈቺው» ማለት ብቻ።

እጄ ወደ ሬዲዮው ሄደና ዝቅ አደረገው። አፌ ግን አልተከፈተም። ብናገር ሱባኤው ውሸት መሆኑ ይታወቃል። ከዚህ ሌላ ደግሞ ቦዬ አጥፍቷል መባሉ ከነከነኝ። የልማት ሠራተኛ ያደነቀውን ቦይ እሷ ልታርመው? በረዶው ያልፋል፣ ሴት ነገር ታበዛለች አልኩ በልቤ።

ጥቂት ቆማ፣ «እሺ አያ፣ ዝምታዎ ገብቶኛል» አለች። «የሚጸልይ ሰው አይነካም። ለኔም ያስቡልኝ።» ጭቃውን እየረገጠች ስትወርድ ሰማኋት።

ድንቹን አወጣሁና በላሁት። እሷ በሰጠችኝ ኩበት ነበር የበሰለው።

ጾሙ በተፈታ ቀን ጠላ በገንቦ ይዛ መጣች። ከሱባኤ ለወጣ ሰው ጎረቤቱ ማፍሰኪያ ማምጣቱ ደንብ ነው። ዋንጫዬን አነሳሁ፤ ጠላው ወፍራምና ጣፋጭ ነበር።

«ባለሙያ!» አልኳት። «በዚህ በማጣት ወር ከምን ጠመቅሽው?»

«ከጎታዬ ነዋ» አለች እየሳቀች። «ያን ዕለት ውሃው በግድግዳው ሥር ገብቶ ጎታዬን ከእግሩ ናደው። ገብሱ ረጥቦ፣ በሦስተኛው ቀን በቀለብኝ። ምን ላድርገው? ብቅል ልሁን ካልክማ ብቅል ሁን አልኩት፤ ምድጃ ላይ አድርቄ ጠመቅሁት።»

«ሁሉም?»

«ከላይ ካለው ትንሽ ተርፎልኛል። እስከ እሸት ቆጥቤ እበላለሁ። ግድግዳው ወደ ላሟ ቢናድ ኖሮስ አያ? በጸሎትዎ ነው። ይልቅ በርዎን ስለመታሁ ይፍቱኝ።»

የክረምት ቀለቧን ነበር የያዝኩት። ልጆቿ እሸት እስኪደርስ የሚበሉትን። ዋንጫውን ላስቀምጠው አልቻልኩም፤ «አልወደደው ይሆን?» እያለች ታየኛለች። እስከ አተላው ጠጣሁት። «ይፍታሽ» አልኳት ደግሞ፤ ካህን ሳልሆን።

በማግሥቱ ወርጄ ለመጀመሪያ ጊዜ የቦዬን መጨረሻ አየሁ። ልክ በግድግዳዋ ሥር ነበር የሚተፋው። ዶማዬን ይዤ ውሃውን ወደ ሸለቆው የሚያወጣ አዲስ ጫፍ መቆፈር ጀመርኩ። ገብስም በስልቻ ሞልቼ ሰጠኋት። ሥራዬ ሁሉ ግን መልሶ እኔኑ ያስመሰግነኝ ጀመር። «ከሱባኤ እንደወጣ ለጎረቤቱ ቦይ ቆፈረ» ተባለ። መምሬ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «የጾም ፍሬ እንዲህ ነው!» ብለው ወደኔ ጠቆሙ። ሰው ዞር ብሎ አየኝ። በዕድሜዬ ስመሰገን አንገቴን የደፋሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም ትሕትና አሉልኝ።

በሦስተኛው ቀን ልታግዘኝ ዶማዋን ይዛ መጣች። ጎን ለጎን ስንቆፍር ነገርኳት። እንዴት እንደጀመርኩ አላውቅም፤ ንግግር አሳምራለሁ እያልኩ የኖርኩ ሰው እንደ ሕፃን ነው የተንተባተብኩት። ሱባኤ አልነበርኩም፤ ቤት ውስጥ ድንች እየጠበስኩ ነበር፤ ስትጠሪኝ ሰምቼሻለሁ፤ አልኳት።

ዶማዋን አቆመች።

«ሬዲዮውን ሰምቼው ነበር» አለች። «ለአይጥ ማስፈሪያ ከፍተውት እርስዎ ከጸሎቱ ላይ ነዎት አልኩ። የሚጋደል ሰው በልቤ አማሁ ብዬ፣ እንዲያውም ስለ ኃጢአቴ ሰግጃለሁ። መቶ።»

ዶማዬን ጭቃው ውስጥ ተከልኩት።

«ኩበቱስ? ይነድ ነበር?»

«ይነድ ነበር።»

«ረጥቦ ይሆን እያልኩ ስሰጋ ነበር» አለችና ጀርባዋን ሰጥታኝ መቆፈር ቀጠለች። ቦዩ ሸለቆው እስኪደርስ ሌላ ቃል አልተናገረችም። ገብሱን አልመለሰችውም፤ አላመሰገነችኝምም።

ለማንም አልተናገረችብኝም። ከዚያ በኋላ ግን በየዓመቱ ፍልሰታ ሲገባ፣ ሰው ወደ ተራራው በሚወጣበት ሰዓት፣ ቅርጫቷን ተሸክማ በደጄ ስታልፍ ትቆማለች።

«አያ! ዘንድሮስ ሱባኤ ነው ሬዲዮ?»

መንገደኛው ሁሉ ጨዋታ መስሎት ይስቃል። መምሬም አንድ ዓመት አብረው ቆመው ስቀዋል። እኔ ከመደቡ ተነስቼ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ በሩ ላይ እወጣለሁ።

«ሬዲዮ ነው!» እላለሁ።

«አልሰማሁም!» ትለኛለች።

እንደገና እናገራለሁ።