የኡሙሰልማ ከንፈር

እኔ ጸሐፊ አይደለሁም። ከጸሐፊ ጎን ግን ለዓመታት ቆሜ ሠርቻለሁ። ይህን የሰሙ የሰፈር ወጣቶች እየመጡ "እትዬ አልጣሽ፣ መጻፍ እንፈልጋለን፤ ግን ጊዜ የለንም፣ ጸጥ ያለ ቦታም የለንም" ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። ጸጥ ያለ ቦታ! ኡሙሰልማ ታሪኳን የፈጠረችው ሰው ጆሮ ላይ ካልጮሁበት በማይሰማበት የፈትል ክፍል ውስጥ ነው። እስቲ ተቀመጡና ልንገራችሁ።

ጊዜው ሰባ ዘጠኝ፣ ሰማንያ ዓመተ ምሕረት አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እንሠራ ነበር። ብዙዎቻችን የምንኖረው ደሴ ስለሆነ ጠዋት በሰርቪስ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን እንገባለን፤ ማታ ያንኑ ዳገት ወጥተን እንመለሳለን። ኡሙሰልማ የደጋን ከተማ ልጅ ናት። ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ አባቷ ሞቱና ትምህርቷን አቋርጣ ሥራ ገባች። ቀጠን ያለች፣ ሻሿን ጥብቅ አድርጋ የምታስር፣ ሰው ትክ ብሎ ሲያያት የምትሽኮረመም ሴት ነበረች። ማሽኖቻችን ጎን ለጎን ነበሩ።

ሥራችን የተበጠሰ ክር እየፈለጉ መቀጠል ነው። እጅና ዐይን ይሠራሉ፤ አፍ ሥራ የለውም። የኡሙሰልማ ከንፈር ግን ቀኑን ሙሉ ይንቀሳቀሳል። በማሽኑ ጩኸት ድምፅዋ አይሰማም። ከንፈሯ ይሄድ ይሄድና ይቆማል፤ ራሷን ትነቀንቅና እንደገና ትጀምራለች። የክፍሉ ሴቶች ዚክር ላይ ናት፣ የአላህን ስም እየደጋገመች ነው ብለው አመኑ። እኛ ወሎዎች ደግሞ ክርስቲያኑም እስላሙም የዱዓ ሰው እናከብራለን። ተቆጣጣሪያችን አቶ ደጉ እንኳ፣ በየስብሰባው ሃይማኖት ኋላ ቀርነት ነው እያለ የሚደሰኩረው ሰውዬ፣ በእሷ በኩል ሲያልፍ ኮቴውን ያለዝብ ነበር። ልጁ ሲታመምበት "እስቲ በልቧ ታስበው በያት" ብሎ በጆሮዬ የነገረኝም እሱው ነው።

እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ቀን መብራት ድንገት ጠፋና ማሽኑ ሁሉ ጭጭ ሲል የእሷ ድምፅ ብቻውን ቀረ፤ "ልጁ ግን እናቱን ሊሰናበት አልደፈረም፤ በቅሎውን እየጎተተ በጓሮ በኩል ወጣ" እያለች። ደግነቱ አጠገቧ ያለሁት እኔ ነኝ። ዞር ብላ ስታየኝ ፊቷ በርበሬ መሰለ።

ምሳ ሰዓት ላይ ተናዘዘችልኝ። ወደ አሰብ ስለሄደ ወጣት ነጋዴ ታሪክ እየጻፈች ኖሯል። አንዱን ዓረፍተ ነገር አፏ ላይ እስኪለሰልስ ድረስ ደጋግማ ትለዋለች፤ ሲያደናቅፋት ቃሉን ትቀይራለች። ማታ መግሪብ ሰግዳ ወጧን ጥዳ፣ ወጡ እስኪበስል ቀን ያለችውን ትጽፋለች። ወጡ ሲወጣ እርሳሱም ይቀመጣል። ሐሳብ ቢተርፋት እንኳ አትቀጥልም፤ "ነገ የምለው ይኑረኝ እንጂ" ትላለች። እኔማ ምሳ ዕቃዋን ስትከፍት ያረረ ወጥ ሽታ ከመጣ ትናንት ሥራው ሰምሮላታል ማለት እንደሆነ ለምጄ ነበር።

ከእኛ ክፍል ለይላ የምትባል ሴት ነበረች። አንድ ልጇ ሙሄዲን ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቶባታል። አንድ ቀን መጥታ የኡሙሰልማን እጅ ያዘች።

"እህቴ፣ ያን ከንፈርሽን ሳይ ልቤ ያርፋል። የልጄንም ስም አስገቢልኝ" አለቻት።

ኡሙሰልማ ደንግጣ "አላህ በሰላም ያምጣልሽ" አለች። ከልቧ ነው ያለችው፤ በየሶላቷም አልረሳችውም። ለይላ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ስትገባ በእኛ በኩል ዞራ ከንፈሯን አይታ፣ ፈገግ ብላ ትሄዳለች። ይህ ነገር ኡሙሰልማን እያደር ከበዳት።

"አልጣሽ፣ እኔ ስለ ነጋዴዬ ሳወራ እሷ ለልጇ የምለምንላት ይመስላታል" አለችኝ።

"ተያት ባክሽ! እሷ ተጽናናች፣ አንቺም ጻፍሽ። ማን ተጎዳ?" አልኳት።

አልሰማችኝም። ማታ ሰርቪስ ስንጠብቅ ለይላን ፈቀቅ አድርጋ ነገረቻት። "የሙሄዲንን ነገር በሶላቴ አልረሳሁም፣ ወላሂ። ማሽን ላይ የምለው ግን ዚክር አይደለም። የፈጠርኩት ታሪክ ነው፤ የሌለ ሰው ታሪክ።"

ለይላ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። "እኔ ይህን ሁሉ ወር የተደገፍኩት የሌለ ሰው ነው?" አለችና ሄዳ ከሰርቪሱ የኋላ ወንበር ተቀመጠች።

ወሬው በማግስቱ ተዳረሰ። "ደራሲዋ" እያሉ የሚሳለቁ አልጠፉም። አቶ ደጉም ኮቴውን ማሰማት ጀመረ። ይህ ሁሉ ባልከፋ፤ የኡሙሰልማ ከንፈር ግን ቆመ። ቀኑን ሙሉ ክር ትቀጥላለች፣ ማታ ወጧን ሳታሳርር ታወጣለች፣ አንድ መስመር አትጽፍም። ጻፊ እንጂ ብዬ ብቆጣት "ሰው ልጁ ጠፍቶበት እኔ በተረት ልጫወት?" አለችኝ። ለዘለዓለሙ ልትተወው ነው ብዬ ፈራሁ። እሷን እውነቱን በማውጣቷ፣ ለይላንም በማኩረፏ ሁለቱንም ተቀየምኳቸው።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ጠዋት ሰርቪሱ ደሴን ሳይለቅ ለይላ ከኋላ ተነሥታ መጣችና ከእኛ ፊት ተቀመጠች።

"በይ አሰሚኝ" አለች።

"ምኑን?" አለች ኡሙሰልማ።

"ያን የሌለውን ሰውሽን። ያን ያህል ጊዜ ተስፋ የጣልኩበት ማን እንደሆነ እንኳ ሳላውቅ ልቅር?"

ኡሙሰልማ ከቦርሳዋ ወረቀቶቿን አወጣች። ለካ መጻፉን ብትተውም ይዛቸው መዞሩን አልተወችም። ጮክ ብላም አነበበች። ቀስ በቀስ ሰዉ ሁሉ ጆሮውን ሰጠ፤ የበቅሎዋን ኮርቻ በምትተርክበት ቦታ ግን ግማሹ አንቀላፋ። እሷም ቀና ብላ አየችና በእርሳስ ምልክት አደረገችበት። በኋላ ኮርቻው ከነጭራሹ ወጣ። እናንተም የጻፋችሁትን ለሚያንቀላፋ ሰው አንብቡለት፤ ከመምህር ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

አንብባ ስትጨርስ ለይላ "እናትየዋስ?" አለች።

"አለቀሰች ብዬ ጽፌአለሁ እኮ።"

"ማልቀሷንማ ማን አጣው! በማግስቱ ምን አደረገች?"

"አላውቅም" አለች ኡሙሰልማ።

"እንግዲያው ጠይቂኛ።"

ኡሙሰልማም "በማግስቱ ምን አደረግሽ?" አለቻት።

ለይላ መስኮቱን እያየች ተናገረች። "ጠዋት ቁርስ ለሁለት ሰው አቀረብኩ። ትዝ ሲለኝ የእሱ ድርሻ እንዳይደፋ ብዬ በላሁት። ጠገብኩ። ልጄ በተወሰደ ማግስት እኔ ጠገብኩ። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።"

ያን ቀን የኡሙሰልማ ከንፈር ምሳ ሰዓት ላይ እንኳ አላረፈም።

በማግስቱ ጠዋት ሐረጎን ስንወርድ አነበበችው። የነጋዴው እናት ለሁለት አቀረበች፣ የልጇን ድርሻ በላች፣ በመጥገቧም አፈረች። አንቀላፊ አልነበረም። ስለ ማን እንደተጻፈ ማንም አልጠየቀም፤ ዘመኑም የሚያስጠይቅ አልነበረም። በዚያ መኪና ውስጥ ልጇ ወይም ወንድሟ ያልሄደባት ሴት ብትፈለግ አትገኝም። ዕንባዬ ሲወርድ አልጠረግሁትም።

ፋብሪካው በር ላይ ደረስን። ሾፌራችን በላቸው በሩን ከፈተ፤ የሚወርድ ጠፋ። ለይላ እጇን ኡሙሰልማ ጉልበት ላይ አሳረፈችና "ድገሚው" አለቻት።

ኡሙሰልማ ደገመችው። ያን ቀን ሁላችንም አርፍደን ገባን።